የተናቀው ሞገድ

ኢንተርኔት ከመጣ ወዲህ አማተር ራዲዮ ምን ይሠራል? ጥያቄው ተገቢ ነው። በኪስ ስልክ ከቶኪዮ ሰው ጋር እየተያዩ ማውራት በሚቻልበት ዘመን፣ ጣራ ላይ ሽቦ ዘርግቶ የሩቅ ድምፅ ሲያድኑ ማደር ትርፉ ምንድን ነው? እኔ መልሱን የምፈልገው ከወደፊቱ ሳይሆን ካለፈው ነው።

በ1912 ሚያዝያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ታይታኒክ ሰጠመች። በዚያው ዓመት ነሐሴ የወጣው የአሜሪካ የራዲዮ ሕግ አማተሮችን ወደ 200 ሜትርና ከዚያ ወደሚያጥሩ ሞገዶች ገፋቸው። በጊዜው እምነት ሩቅ የሚደርሰው ረጅሙ ሞገድ ነበር፤ አጭሩ ለማንም የማይረባ ጠፍ መሬት ነው። ስለዚህ ለሙን መንግሥትና ኩባንያ ሲይዙት፣ ጠፉ ለአማተሮቹ ተጣለላቸው።

እነሱ ግን ጠፉን አረሱት። በ1923 ኅዳር በፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ የነበረው ሊዮን ዴሎይ፣ ኮነቲከት ከነበሩት አሜሪካውያን ከፍሬድ ሽኔልና ከጆን ራይናርትዝ ጋር በ110 ሜትር አካባቢ አትላንቲክን ተሻግሮ በሞርስ ተነጋገረ። ለካስ አጭሩ ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ንብርብር እየተመለሰ ባሕር ይሻገራል! ጠፉ መሬት ወርቅ ተገኘበት። ወዲያው መንግሥታትና ኩባንያዎች ተሻሙበት፤ በ1927 ዋሽንግተን ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለአማተሮቹ የተረፋቸው ጠባብ ጠባብ ቁራጭ ነበር።

የሚገርመው፣ በኢንተርኔትም ይኸው መደገሙ ነው። በ1981፣ መረቡ ገና የጥቂት ተመራማሪዎች ሥራ ሳለ፣ ኮምፒዩተርን በራዲዮ ለማገናኘት ለሚሞክሩ አማተሮች 16 ሚሊዮን ያህል አድራሻ ተመደበላቸው። ያኔ ለአድራሻ ዋጋ የሚሰጥ አልነበረም። በ2019 የዚያ ሩቡ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለአማዞን ኩባንያ ተሸጠ። ሻጩ ድርጅት ገንዘቡን ለአማተሮችና ለምርምር ድጋፍ ቢያውለውም፣ ሳንጠየቅ ተሸጠ ብለው ያጉረመረሙ አልታጡም።

ስለዚህ ኢንተርኔት አማተር ራዲዮን ይገድለዋል የሚለውን አልቀበልም። ለወሬ ከሆነ ኢንተርኔት አሸንፏል፤ ክርክር የለውም። የአማተር ዋና ሥራው ግን ወሬ አልነበረም። አማተር ማለት ሌላው የሠራለትን ዕቃ ተቀብሎ የሚቀመጥ ሳይሆን፣ ፈትቶ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው ነው። በስልኬ ውስጥ ከአምራቹ ፈቃድ ውጭ የምለውጠው ነገር ጥቂት ነው፤ ፈተና አልፎ ፈቃድ ያገኘ አማተር ግን ማስተላለፊያውን በገዛ እጁ ሠርቶ አየር ላይ ሊያውለው ይችላል።

ነገሩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። በዓለም አቀፉ ድልድል የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት በ"ኢቲ" ይጀምራል፤ ከአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ግቢም ኢቲ3ኤኤ የተባለ የክበብ ጣቢያ ድምፁን ለዓለም አሰምቷል። ተማሪው በመጽሐፍ ያነበበውን ሞገድ በጆሮው የሚሰማበት ቦታ ከዚህ ሌላ የት አለ?

እኔን የሚያሰጋኝ ኢንተርኔት አይደለም። የሚያሰጋኝ የአማተሮቹ ቁራጭ ሞገድ "ባዶ ነው" ተብሎ ገንዘብ ላለው የሚሰጥበት ቀን ነው። በ1912 ባዶ የተባለው ምን ይዞ እንደነበር አይተናልና።