ደግሞ ሌላ ጀመርሽ?

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ጥያቄ ነው። ከሶፋው ጎን ባለው ቅርጫት ውስጥ ጀርባው ብቻ ያለቀ ሹራብ፣ አንድ እግር ካልሲና ግማሽ የደረሰ የሕፃን ኮፍያ ተቀምጠዋል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ደስ የሚል ቢጫ ክር አገኘሁና አራተኛውን ጀመርኩ። እናቴ አየችኝና «መጀመሪያ የያዝሽውን ጨርሺ!» አለችኝ። እንደ ሌባ ክሩን ከኋላዬ ደበቅሁት። በኋላ ሳስበው ግን ገረመኝ። በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ክር፣ በዕረፍት ሰዓቴ፣ ማንን በደልኩ?

ይህ ጥፋተኛ ነኝ የሚል ስሜት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ስለ ሹራብ ሥራ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ካነበብኩት ሁሉ ልቤን የነካው የሼትላንድ ሴቶች ነገር ነው።

ሼትላንድ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ያሉ፣ ነፋስ የማይለያቸው ደሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ዓሣ ለማጥመድ ባሕር ሲወርዱ እርሻው፣ ከብቱና ልጁ በሴቶቹ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በዚያ ላይ ሹራብ ይሠራሉ። ለማገዶ የሚሆነውን የረግረግ አፈር ቆፍረውና አድርቀው በጀርባቸው ተሸክመው ሲሄዱ እንኳ እጃቸው አያርፍም ነበር። ወገባቸው ላይ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የቆዳ ቀበቶ ይታጠቃሉ፤ አንዱን የሹራብ መርፌ ቀዳዳው ውስጥ ሰክተው መንገድ ለመንገድ ይሠራሉ። ይህን የሚያሳዩ የድሮ ፎቶግራፎች ዛሬም አሉ።

ሙያቸው የሚናቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1837 አርተር አንደርሰን የተባለ የሼትላንድ ተወላጅ የሆነ ነጋዴ የደሴቶቹን ካልሲ ለንግሥት ቪክቶሪያ አበርክቷል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ተጠቅልሎ በጋብቻ ቀለበት ውስጥ የሚያልፍ፣ እጅግ ስስ የሆነ የትከሻ ልብስ በመሥራት ስማቸው ተጠራ።

ክፍያው ግን ሌላ ነው። ሴትዮዋ ወራት የፈጀባትን ሥራ ይዛ ሌርዊክ ወደምትባለው ከተማ፣ ወደ ነጋዴው ሱቅ ትሄዳለች። ነጋዴው ዋጋ ይተምናል፤ የሚሰጣት ግን ገንዘብ ሳይሆን ሻይ ቅጠል፣ ጨርቅ ወይም ሌላ የሱቁ ዕቃ ነው። በዕለቱ ዕቃ ካልፈለገች ይህን ያህል አለሽ የምትል ወረቀት ይጽፍላታል። እ.ኤ.አ. በ1872 መንግሥት የላከው መርማሪ የሴቶቹን ቃል ሰምቶ በጽሑፍ አስፍሯል። አንዳንዶቹ ለቤታቸው የሚበላ ለማግኘት በክፍያ የተሰጣቸውን ሻይ ይዘው በዱቄትና በድንች ለመለወጥ ይዞሩ ነበር። ሠራተኛን በዕቃ መክፈልን የሚከለክል ሕግ ከ1831 ጀምሮ ነበረ፤ ቤት ውስጥ ሆና ሹራብ የምትሠራዋን ሴት ግን አይመለከታትም ነበር። በሕጉ የተካተተችው በ1887 ነው። ያም ሆኖ ልማዱ ወዲያው አልጠፋም።

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህን ሳነብ መዝገቡ በዓይኔ መጣብኝ። ክሩ የነጋዴው ከሆነ፣ መርፌው ላይ ያለው ሥራ ሳያልቅ የሚመጣ ነገር የለም። ያን አስቀምጣ ለራሷ ደስ ያላትን ብትጀምር የልጆቿን ጉርሻ ማዘግየቷ ነው። ለእርሷ «የያዝሽውን ጨርሺ» የሚለው ቃል ትክክል ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ሌላ ምክንያት መጣ። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 1941 ጀምሮ በእንግሊዝ ልብስ በኩፖን ሆነ፤ ለአንድ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 66 ኩፖን ተሰጠ። የሹራብ ክርም በዚያው ተቆጠረ። ያረጀ ሹራብ ተተርትሮ፣ ክሩ ታጥቦ እንደገና ይሠራ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ግማሽ ሹራብ ቅርጫት ውስጥ ማስቀመጥ ሌላውን ማስበረድ ነው።

እኔ ጋ ግን ዱቤም ኩፖንም የለም። እንዲያውም በእኛ ሙያ ያላለቀ ምርት በኪሳራ አይመዘገብም፤ የወጣበት ጥሬ ዕቃና ድካም ተደምሮ ከሀብት ጎን ይሰፍራል። ይህን ለእናቴ ብነግራት እንደማትቀበለኝ አውቃለሁ።

ኤልዛቤት ዚመርማን የተባለች በእንግሊዝ ተወልዳ አሜሪካ የኖረች ባለሙያ በ1971 ሹራብን ያለ እንባ ስለመሥራት መጽሐፍ አሳትማለች። የደረቱን ዙሪያ 100 በመቶ ብላ እጅጌውንና አንገቱን ከዚያ በመቶኛ ታሰላለች። የሌላ ሰው ንድፍ ሳይጠበቅ ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል ማለት ነው። ስሌቱን ወድጄዋለሁ፤ ሹራቡ ጀርባ ላይ የቆመው ግን በስሌቱ ጥፋት አይደለም!

በትእዛዝ የምትሠሩ እህቶቼ ግን በእኔ እንዳትታለሉ። ቀብድ የተቀበላችሁበት ሥራ የሰው ገንዘብ ነው፤ እሱ በቀኑ ይለቅ። እኔም ለጎረቤቴ ልጅ ቃል የገባሁት ኮፍያ ስላለ እርሱን በዚህ ሳምንት እዘጋለሁ። ቢጫው ግን የማንም አይደለም። ምን እንደሚሆን እንኳ ገና አልወሰንኩም፤ ለጊዜው ስድስት ረድፍ ደርሷል።