ከወልቂጤ እስከ ማርሴይ

በዛሬው ጊዜ አንድ የወልቂጤ ነዋሪ ወደ ፈረንሳይ ለመጓዝ ቢነሣ፣ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ 158 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ሌሊቱን በአውሮፕላን በርሮ በማግሥቱ ፓሪስ ይገባል። ይህ ቀላል የሚመስል ጉዞ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ታሪክ አለው። ታሪኩ ሲተረክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከወደቡ ወይም ከባቡር ጣቢያው ነው። ለጉራጌ ገበሬ ግን መንገድ የሚጀምረው ከደጃፉ ነበር፤ የመጨረሻ መፍትሔ ያገኘውም ይኸው የደጃፉ መንገድ ነው።

የስዊዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ተከፍቶ ቀይ ባሕርን ከሜዲትራኒያን ጋር ባገናኘ ጊዜ አውሮፓ ለአፍሪካ ቀንድ ጠረፍ እጅግ ቀረበች። ይሁን እንጂ ከመሐል አገር እስከ ጠረፉ ያለው ጉዞ እንደ ወትሮው በበቅሎና በግመል የሚገፋ፣ ሳምንታትን የሚጠይቅ ነበር። በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኰንን በ1881 ዓ.ም. ለመልእክት ወደ ጣሊያን የተሻገሩት በዚህ ሁኔታ ነው።

ይህን ችግር ያቃለለው የምድር ባቡር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና ተሳፋሪው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባል። ከዚያም የፈረንሳዩ የሜሳዠሪ ማሪቲም ኩባንያ መርከብ በስዊዝ በኩል አድርጎ ወደ ማርሴይ ያሻግረዋል። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ ተጉዘው፣ ኢየሩሳሌምንና ግብፅን አይተው፣ ማርሴይ ላይ ከወረዱ በኋላ ነው ፓሪስ የገቡት። የጉዞውን አኳኋን ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፋቸው መዝግበውታል።

በዚያው ዘመን ከቸሃ፣ ከእዣና ከጉመር ተነሥቶ እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የጉራጌ ሠርቶ አደር ስለ ጉዞው የጻፈለት አልነበረም። ለእርሱ የመጓጓዣ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ስንቁን አንግቶ፣ ክረምት የሞላውን ወንዝ እየጠበቀ፣ ቀናት በእግሩ ይጓዛል። ከተማ ሲደርስም በቀን ሥራ፣ በተሸካሚነት፣ በሊስትሮነትና በጉልት ንግድ ይሠማራል። ከማርሴይ ተጭኖ ለገሃር የሚራገፈው ዕቃ ወደየመጋዘኑ የሚሄደው እንደ እርሱ ባሉ ሰዎች ትከሻ ነበር። አውሮፓ ወደ እርሱ መጣች እንጂ እርሱ ወደ አውሮፓ የሚሄድበት መንገድ አልነበረውም።

የፋሺስት ጣሊያን ወራሪ ኃይል ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በያዘበት ጊዜ ለጦርና ለአስተዳደር ዓላማው የአዲስ አበባ–ጅማን መኪና መንገድ ሠራ። ወልቂጤም በዚህ መንገድ ዳር አደገች። ከነፃነት በኋላ በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚያው ዓመት በአሥመራ አድርጎ ወደ ካይሮ መብረር ጀመረ፤ በ1950 ዓ.ም. ፍራንክፈርት ደረሰ፤ በ1955 ዓ.ም. ጄት አውሮፕላን አስመጣ። የልደታ ሜዳ ለጄት አይበቃምና ቦሌ ተተካ። በ1959 ዓ.ም. በተነሣው የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት የስዊዝ ቦይ ስምንት ዓመት ተዘግቶ ሲከርም፣ የማርሴይ መርከብ ለመንገደኛው የነበረው ጥቅም ይበልጡን ተዳከመ።

እንግዲህ ሰማዩ ተከፍቶ ሳለ ከወልቂጤ ወደ እምድብር የሚዘልቀው ገጠር ገና የእግር መንገድ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት የተመሠረተው ይህንን ለመለወጥ ነው። ከመሪዎቹ አንዱ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ነበሩ። አዲስ አበባ ያለው ነጋዴና የቀን ሠራተኛ እንደ አቅሙ፣ ገጠር ያለው ገበሬም እንደ አቅሙ አዋጣ፤ መንግሥትም ድርሻውን ጨመረበት። በቡታጅራ በኩል የሚያልፈው የዓለምገና–ወላይታ ሶዶ መንገድም በተመሳሳይ የሕዝብ መዋጮ ተገፋ። የባቡሩ ሐዲድ የተዘረጋው በውጭ ካፒታል፣ የጅማው መንገድ የተሠራው በወራሪ ትእዛዝ ሲሆን፣ ይህኛው መንገድ በእግሩ ይሄድ የነበረው ሕዝብ ከገዛ ኪሱ የከፈለበት ነው።

ከእምድብር አካባቢ የተገኙት ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በፈረንሳይ አገር በኤክስ-ማርሴይ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። በቸሃ ቋንቋ የጻፉት «የሽነጋ መንደር» በቮልፍ ሌስላው ተተርጉሞ በ1964 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ሲታተም፣ የጉራጌ መንደር ኑሮ የውጭ አገር አንባቢ ዘንድ ደረሰ። ቀድሞ በአውሮፓ ዕቃ ተሸካሚነቱ ብቻ ይታወቅ የነበረው ሕዝብ የራሱን ታሪክ ይዞ ባሕር ተሻገረ።

ስንቃቸውን አንግተው በእግራቸው አዲስ አበባ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች አልፈዋል። ለመንገዱ ያዋጡና ድንጋይ ያነሡ አረጋውያን ግን ዛሬም በየመንደሩ ይገኛሉ። የመኳንንቱ ጉዞ በመጽሐፍ ታትሞ ተቀምጧል፤ የእነዚህ ሰዎች ቃል ግን የሚገኘው በአንደበታቸው ብቻ ነው። በየትምህርት ቤቱ ያለ መምህርና በየመድረኩ ያለ የኪነ ጥበብ ሰው አረጋውያኑ በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ሊቀበላቸው ይገባል።