የቀድሞ ኮምፒዩተሮችን ስለ መጠበቅ
(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ልናነጋግራችሁ ያሰብነው ስለ አዲስ ነገር ሳይሆን ስለ አሮጌ ነገር ነው። ይኸውም ዘመን አልፎባቸዋል ተብለው በየጽሕፈት ቤቱ ጥግ የተቀመጡትን የቀድሞ ኮምፒዩተሮችና ፕሮግራሞቻቸውን ስለ ምን መጠበቅ እንደሚገባን፣ እንዴትስ ልንገለገልባቸው እንደምንችል ለመግለጽ ነው። አርእስቱ ለጊዜው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ነገሩን ከሥሩ ለመረመረው ሰው የመኪና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የጽሕፈት ጉዳይ እንደ ሆነ ይገለጥለታል። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 175 ኪሎ ሜትር ያህል በመጓዝ አሰላ የደረሰ መንገደኛ፣ በአንድ በኩል ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመውን የጭላሎን ተራራ፣ በሌላው በኩል ቁልቁል በስምጥ ሸለቆው ውስጥ የተኛውን የዝዋይን ሐይቅ ያያል። ባለፈው በጋ ወደዚችው ከተማ ሄጄ ሳለሁ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነጭ ጨርቅ የተሸፈነ አሮጌ ኮምፒዩተር አየሁ። አጠገቡ አዲስ ኮምፒዩተር ስለ ነበረ፣ መዝገብ ቤቱን የሚጠብቁትን ወይዘሮ «እትዬ፣ ይህን ስለ ምን አያስወግዱትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «እርሱ ከጠፋ የሃያ ዓመት ደብዳቤያችን አብሮት ይጠፋል፤ አዲሱ እኮ የቀድሞውን ጽሕፈት ማንበብ አያውቅም» አሉኝ። ከዚያም አንዱን ደብዳቤ በሁለቱም ላይ ከፍተው አሳዩኝ። በአሮጌው ላይ ጥርት ብሎ የሚነበበው አማርኛ፣ በአዲሱ ላይ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት የተደባለቀበት፣ ትርጉም የሌለው ነገር ሆኖ ታየ። የዛሬው ንግግራችን የተወለደው ከዚያች ሰዓት ነው።

እንግዲህ አስቀድመን አንድ ነገር እናስተውል። በዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች አንዷ በሆነችው በቱሉ ጉዶ፣ በደብረ ጽዮን፣ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው ኖረዋል። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎችም የብራናቸው ዕድሜ በሳይንስ ሲመረመር፣ ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ የሚመደቡ መሆናቸው ታውቋል። እነዚህን መጻሕፍት ለማንበብ የሚያስፈልገው ብርሃን፣ ዓይንና ግዕዝ የተማረ ሰው ብቻ ነው።

የኮምፒዩተር ጽሕፈት ግን እንዲህ አይደለም። በዲስኩ ላይ የተቀመጠው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚመልሰው የጽሕፈት ፕሮግራሙ ነው። ፕሮግራሙም የሚሠራው ሥርዓተ ክወና በሚባለው፣ ማለትም የኮምፒዩተሩን አካላት በሙሉ በሚያዝዝና በሚያስተባብር ዋና ፕሮግራም ላይ ነው። ሥርዓተ ክወናው ደግሞ የሚስማማው መኪና ያስፈልገዋል። ከእነዚህ ከአራቱ፣ ማለት ከዲስኩ፣ ከፕሮግራሙ፣ ከሥርዓተ ክወናውና ከመኪናው አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ጽሑፉ ሳይቃጠልና ሳይቀደድ ይጠፋል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1086 በንጉሥ ዊልያም ትእዛዝ የመሬትና የሀብት መዝገብ ተጽፎ ነበር። የዚህ መዝገብ 900ኛ ዓመት ሲከበር፣ በ1986፣ ቢ.ቢ.ሲ. የዘመኑን የአገሩን ኑሮ የሚያሳይ ታላቅ መዝገብ አዘጋጅቶ በጨረር በሚነበቡ ዲስኮች ላይ አኖረው። ይሁን እንጂ አሥራ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ዲስኮቹን የሚያነብ መኪና ከገበያ ጠፍቶ፣ አዲሱ መዝገብ ሊነበብ የማይችልበት ደረጃ ላይ ደረሰ። በብራና የተጻፈው የ1086 መዝገብ ግን ያን ጊዜም ይነበብ ነበር። በመጨረሻ የሊድስና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የአሮጌውን መኪና ጠባይ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም ሠርተው፣ በ2002 መዝገቡ ዳግመኛ እንዲታይ አደረጉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የግዕዝ ፊደልና የመኪና ግንኙነት ከመጀመሪያውም ቀላል እንዳልነበረ እናያለን። ፊደላችን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ደግሞ ከ300 ያልፋል። የአውሮጳ የጽሕፈት መኪና ግን ከሃምሳ ብዙ የማይበልጡ ቁልፎች ብቻ ነበሩት። ስማቸው በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሥራ የሚታወቀው ኢንጂነር አያና ብሩ የደከሙት ይህን ችግር ለማሸነፍ ነበር። በዚህ ዓይነት መኪና የፊደሉ ግንድ ለብቻው፣ የካዕቡና የሣልሱ ምልክት ለብቻው እየተመታ ይገጣጠማል። መልኩ ከብራናው ፊደል ጥቂት ቢያንስም፣ አንድ ጊዜ በወረቀት ላይ ከታተመ በኋላ ለማንበብ መኪናውን መልሶ መፈለግ አያስፈልግም ነበር።

በ1980ዎቹ ዓመታት ግን ነገሩ ተለወጠ። በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት እንደ አቶ ፍስሐ አጥላውና እንደ ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ሰዎች ፊደላችንን በኮምፒዩተር ለመጻፍ ሠሩ። በአገር ውስጥም በኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ዘንድ «አጋፋሪ» የተባለው ተዘጋጀ። በኋላም የኩስቶር ድርጅት «ቪዡዋል ግዕዝ»፣ የኮንሴፕትስ ዳታ ሲስተምስ ድርጅት «ፓወር ግዕዝ» በየጽሕፈት ቤቱ ተሰራጩ። እነዚህ ሁሉ ምስጋና የሚገባቸው ሥራዎች ናቸው፤ እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ አማርኛና ትግርኛ በኮምፒዩተር ዘመን ድምፅ አጥተው በቀሩ ነበር።

ነገር ግን የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ለአንድ የፊደል ስብስብ የሚሰጠው ቁጥር ከ256 አይበልጥም ነበር፤ ከዚያም ግማሹ አስቀድሞ በእንግሊዝኛ ፊደልና በልዩ ልዩ ምልክቶች ተይዟል። ስለዚህ እያንዳንዱ የፕሮግራም ሠሪ ፊደላችንን በራሱ ዘዴ ከፋፍሎ፣ የራሱን ቁጥር ሰጠው። በአንዱ ፕሮግራም «ለ»ን የሚያመለክተው ቁጥር በሌላው «መ» ወይም የፊደል ቅጥያ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንድ ቤት በብዙ ቁልፍ ሠሪዎች እጅ እየተቆለፈ፣ የአንዱ ቁልፍ የሌላውን በር እንደማይከፍት ያለ ነገር ሆነ።

ይህ መከፋፈል ማብቂያው የተገኘው በ1999 ነው። በዚያ ዓመት በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ 345 የግዕዝ ምልክቶች እያንዳንዳቸው በዓለም ሁሉ የታወቀ ቋሚ ቁጥር ተሰጣቸው። የማይክሮሶፍት ኩባንያም በ2007 ለሕዝብ ባቀረበው «ዊንዶውስ ቪስታ» ውስጥ «ኒያላ» የተባለውን የግዕዝ ፊደል ጨመረ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የሚጻፈው አማርኛ የትም ቢሄድ ይነበባል። ከዚያ በፊት የተጻፈውስ? አሰላ ላይ ያየነው ደብዳቤ መልሱን ሰጥቶናል።

በአርሲ ደጋ ይህ ታሪክ ልዩ መልክ አለው። በ1991 ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ፣ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ የአካባቢው ጽሕፈት ቤቶች የዕለት ሥራ በዚሁ ሆነ። የላቲን ፊደል ከመጀመሪያው በኮምፒዩተር ውስጥ ቋሚ ቁጥር ስላለው፣ በቁቤ የተጻፈ የ1990ዎቹ ጽሑፍ ዛሬም ቢከፈት ፊደሉ አይዘበራረቅም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ ምናልባትም በዚያው ኮምፒዩተር ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ግን የተወለደበትን ፕሮግራም ካላገኘ አይናገርም። በ1990ዎቹ ኢትዮጵያውያን በኢንተርኔት ለመጻጻፍ ያወጡት፣ ግዕዙን በላቲን ፊደል የመጻፍ «ሴራ» የተባለው ዘዴም እስከ ዛሬ ሳይበላሽ የሚነበበው በዚሁ ምክንያት ነው። ጽሑፉን ያጠፋው እንግዲህ ቋንቋው ወይም እርጅናው ሳይሆን የጋራ ቁጥር አለመኖሩ ነው።

«የድሮ ደብዳቤ ምን ይጠቅማል?» የሚል ቢኖር፣ ከአሰላ በስተ ሰሜን ቅርብ ወደ ሆነችው ወደ ቁሉምሳ ይመልከት። ካዱ በሚል አጭር ስሙ የታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ሲቋቋም፣ የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያም ሥራውን ጀመረ፤ ዛሬ በአገሪቱ የስንዴ ምርምር ዋና ማዕከል ነው። በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዘር ክፉኛ ጎዳው፤ ብዙ ገበሬዎችም ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ዘር ተዛወሩ። በ2013 ደግሞ የግንድ ዋግ ተነሥቶ ያንኑ ዲገሉን በአርሲና በባሌ አጠፋው። እንዲህ ያለውን ጠላት የሚዋጋ ተመራማሪ፣ የትኛው ዘር በየትኛው ዓመት፣ በምን ዝናብ፣ በየትኛው መስክ እንደ ጸና ወይም እንደ ወደቀ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት ያስፈልገዋል። የሠላሳና የአርባ ዓመት መዝገብ በአንድ ክረምት ተዘርቶ የሚታጨድ ነገር አይደለም። ከእንዲህ ዓይነቱ መዝገብ አንዱ ገጽ እንኳ ማንም በማይከፍተው ዲስክ ውስጥ ቢቀር፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በገበሬው ማሳ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ሥርዓተ ክወናዎቹ እንዴት እንደሚያረጁ እንይ። በ2000ዎቹ ዓመታት ወረዳ ኔት ሲዘረጋና ኮምፒዩተር ወደ ገጠር ጽሕፈት ቤቶች ሲደርስ፣ በብዛት ይሠራበት የነበረው በ2001 የወጣው «ዊንዶውስ ኤክስፒ» ነበር። ኩባንያው የኤክስፒን ጥበቃ ኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ የ«ዊንዶውስ 7»ን ጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ የ«ዊንዶውስ 10»ን መደበኛ ጥበቃ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። ከእነርሱ በኋላ የመጣው «ዊንዶውስ 11» ደግሞ በብዙ ጤነኛ ኮምፒዩተሮች ላይ እንዳይጫን የአካል ግዴታ አለበት። ጥበቃ ቆመ ማለት መኪናው ቆመ ማለት አይደለም፤ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ቢገኝ የሚደፍነው የለም ማለት ነው። በሜይ 2017 «ዋናክራይ» የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በ150 ያህል አገሮች እድሳት ያልተደረገላቸውን ኮምፒዩተሮች እየቆለፈ ገንዘብ መጠየቁ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ የቀድሞ ጽሑፍ የያዘ ኮምፒዩተር ከኢንተርኔትና ከሌሎች ኮምፒዩተሮች ተለይቶ ለብቻው ይቀመጥ። ከበጋ አቧራና ከክረምት ርጥበት ይጠበቅ፤ በውስጡ ያለችው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባትሪም ስትደክም ትለወጥ፤ ቀኑንና ሰዓቱን የሚረሳው ብዙ ጊዜ በእርስዋ ድካም ነውና።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ሳይውል ሳያድር ይገልበጥ። 1.44 ሜጋባይት ብቻ የሚይዘው ትንሹ ፍሎፒ ዲስክ በላዩ ያለው ማግኔት እየደከመ፣ ሻጋታም እየበላው ይሄዳል። ይህን ዲስክ በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ የሚያነብ መሣሪያ ዛሬም ይገኛልና ጊዜው አላለፈም።

ሦስተኛ፣ መኪናው ጨርሶ ከሞተ በአዲሱ ላይ የአሮጌውን ጠባይ የሚያስመስል ፕሮግራም አለ። ከ2002 ጀምሮ በነጻ የሚታደለው «ዶስቦክስ» ለቀድሞው የዶስ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ጂም ሆል በ1994 የጀመረው «ፍሪዶስ»ም ዶስን ተክቶ በአሮጌ መኪና ላይ ይሠራል። አካሉ ደኅና ሆኖ ሥርዓተ ክወናው ብቻ ላረጀበት ኮምፒዩተር ደግሞ፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ከጀመረው ከሊኑክስ ወገን ለአነስተኛ አቅም የተዘጋጁ አሉና፣ ጽሑፉ ከተገለበጠ በኋላ እነርሱን ጭኖ ለተማሪ መለማመጃና ለደብዳቤ መጻፊያ ማዋል ይቻላል።

አራተኛ፣ የተገለበጠው ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። ለዚህ የሚረዱ ፕሮግራሞች ተሠርተዋል፤ ዳሩ ግን ፊደል ሊስቱ ስለሚችሉ፣ አንባቢ ተቀምጦ ከአሮጌው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ይገባዋል። አሮጌው ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው ይልቁንም ለዚህ ነው፤ የትክክለኛው ጽሑፍ ምስክር እርሱ ብቻ ነውና። ምስክሩን ከፍርዱ በፊት የሚያሰናብት ዳኛ የለም።

አድማጮቻችን ሆይ! የአርሲ ገበሬ ማረሻው ሲደንዝ ወደ ቀጥቃጭ ወስዶ ያስወቅረዋል፤ ሞፈሩ ሲሰበር ሌላ ይጠርባል፤ ቀንበሩንና ድግሩን ግን አይጥልም። አዲስ መሣሪያም ሲመጣለት አይንቅም፤ አሮጌውን የሚተወው ግን አዲሱ ማሳውን በሚገባ ማረሱን በዓይኑ ካየ በኋላ ነው። እኛም አዲሱን ኮምፒዩተር በደስታ እንቀበል፤ አሮጌውን ግን የያዘውን አደራ እስኪያስረክብ ድረስ አናሰናብተው። በአሰላ ያየኋቸው ወይዘሮ በነጭ ጨርቅ የሸፈኑት አሮጌ ብረት መስሎን ይሆናል፤ እርሳቸው የሚጠብቁት ግን የመሥሪያ ቤታቸውን የሃያ ዓመት ቃል ነው። በየመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ያላችሁ ሁሉ፣ ከመጪው ክረምት በፊት ገልጣችሁ እንድትመለከቱት አደራ እያልን ንግግራችንን በዚሁ እንፈጽማለን።