በአንድ ግቢ የተቀበሩ ሁለት እረኞች

ልጆቼ፤ በፈረስ ቤት መንደር ስታልፉ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ በየደጁ ቆሞ የሚለምነውን የቆሎ ተማሪ ሳታዩት አልቀራችሁም። ከእኛ ብዙ በማይርቀው በደብረ ኤልያስ ከዚህ ዓይነት ጉባኤ ቤት ተነሥተው ለከፍተኛ ማዕርግ የደረሱ አንድ የጎጃም ሰው ነበሩ። እርሳቸውም አቡነ ቴዎፍሎስ ናቸው። በ1940 ዓ.ም. ጵጵስና ከተሾሙት አምስት አባቶች አንዱ ነበሩ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆኑ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ አቡነ ቴዎፍሎስ መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ጳጳሳት ሾሙ። በዚህ ምክንያት በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ። ከተሾሙት አንዱ፥ በኋላ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስም ብዙ ዓመት በእስር ቆዩ። ፓትርያርኩ በሕይወት ሳሉ በወንበራቸው ሌላ ስለ ተቀመጠ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን አዲሱን ሹመት አልተቀበለችም።

በዚያ ዘመን ‹‹የርስት ጌታ ነበሩና ይበላቸው›› የሚል አልጠፋም። ቤተ ክህነት ብዙ መሬት እንደ ነበራት፥ ጭሰኛውም በደል እንዳየ እውነት ነው፤ ልንሸሽገው አይገባም። ሐዋርያው ጴጥሮስም በገዛ ጥፋቱ የሚቀጣውንና ያለ በደሉ መከራ የሚቀበለውን ለይቶ ጽፏል። ታዲያ የሰውየውን ጥፋት በዳኛ ፊት ሳያስመረምሩ በሌሊት መግደል ከፍርድ ሊቈጠር ይችላልን?

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ ነኝ። የሰፈሬ ልጆች ‹‹ፀረ ማርያም›› ይሉኝ ነበር፤ እኛም በበኩላችን እነርሱን ወንጌል እንዳልገባቸው አድርገን እንንቃቸው ነበር። ስለዚህ የሁለተኛው እረኛ ታሪክ ከፊተኛው ጋር መገናኘቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ የወለጋ ሰው፥ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ታስረው ከተፈቱ በኋላ የታንዛኒያው መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር ሊያስወጧቸው ፈለጉ። መንገዱ ተከፍቶላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን እንቢ አሉ። ምክንያታቸው ቀላል ነበር። የበታቾቻቸውን ቄሶች ‹‹ምእመናንን ጥላችሁ አትሂዱ›› እያሉ ደጋግመው ለምነዋልና፥ እርሳቸው ቀድመው ቢወጡ ያ ልመና ምን ይሆናል? መከራን ወድደው አልፈለጉትም። የተናገሩት ቃል ግን አሰራቸው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በዑራኤል የመካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምእመናን ሰብከው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር በመኪና ተወሰዱ። ወይዘሮ ፀሐይን ከከተማ ውጭ አውርደው ጥለዋቸው ሄዱ። ቄስ ጉዲና በዚያው ሌሊት ተገደሉ፤ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው ዓመት ነው። ወይዘሮ ፀሐይ በማግሥቱ ዓመት ታስረው ተገረፉ፤ ያለ ፍርድም አሥር ዓመት ያህል በወኅኒ ቆዩ።

በዚያ ጊዜ እኔ ወጣት ነበርሁ። መጽሐፍ ቅዱሴን በእናቴ ጎታ እህል ውስጥ ቀብሬ፥ በየስብሰባው የግራ እጄን እያነሣሁ መፈክር አሰማ ነበር። ስለዚህ ይህን የምጽፍላችሁ ከእነርሱ ጎን እንደ ቆመ ሰው ሆኜ አይደለም። ጎታው ዛሬም በወንድሜ ቤት አለ፤ ባየሁት ቍጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ሁለቱ አባቶች የት እንደ ወደቁ ሕዝቡ ሳያውቅ ዓመታት አለፉ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፥ በ1984 ዓ.ም. አፅማቸው ከራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተገኘ። የግቢው ባለቤትም ራሳቸው በ1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት አንዱ ነበሩ። በሕይወት ሳሉ በአንድ መቅደስ የማይቀድሱት ፓትርያርክና ቄስ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል በአንድ ግቢ አፈር ተኝተው ኖረዋል። የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅም በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐረፈ። የቄስ ጉዲናንም አፅም የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ተቀብለው ቀበሩ፤ ወይዘሮ ፀሐይም በሕይወት ቆይተው ያን ቀን አዩ።