ቆሞ የሚነድ መኪና

ሰው በእግሩ፣ በበቅሎና በፈረስ ሲጓዝ በኖረበት ዘመን የጕዞውን ፍጥነት የሚወስንለት የእንስሳው ትንፋሽ ነበረ። ሞተር ከተፈጠረ ወዲህ ግን የማይደክም ጕልበት ስለ ተገኘ፣ ያንን ጕልበት በልክ አድርጎ መያዝ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት በ1788 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ለእንፋሎት ሞተሩ ሁለት የሚሽከረከሩ ኳሶች ያሉበት መቈጣጠሪያ አበጀለት። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ እየተዘረጉ የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠቡታል፤ ሲዘገይ ደግሞ ወደ ውስጥ ተመልሰው ያሰፉታል። በዛሬ ዘመን መኪና ውስጥ «ክሩዝ ኮንትሮል» የሚባለው የፍጥነት መጠበቂያ የዚህ አሳብ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ለአውቶሞቢል የሚሆነውን መጠበቂያ ያሰበው ሰው መኪና ነድቶ የማያውቅ፣ ሊነዳም የማይችል ሰው ነበረ። ራልፍ ቲተር በ1890 ዓ.ም. በአሜሪካ በኢንዲያና ግዛት ሐገርስታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ በቢላዋ ድንገት አንድ ዓይኑን ተወጋና ጕዳቱ ወደ ሌላው ዓይኑ ተላልፎ ፈጽሞ ዕውር ሆነ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ያየውን ዓለም በጣቶቹ አየው። በ1912 ዓ.ም. ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በመካኒካል ምሕንድስና ተመረቀ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የጦር መርከቦችን የእንፋሎት ተርባይን ሚዛን የማስተካከል ሥራ ተሰጥቶት፣ ዓይን የማይለየውን ጥቂት መንቀጥቀጥ በእጁ እየለየ ተወጣው። ኋላም የፒስቶን ቀለበት የሚሠራው የፐርፌክት ሰርክል ኩባንያ መሪ ሆነ፤ በ1936 ዓ.ም. የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ።

እንደሚተረከው ከሆነ ቲተር ከጠበቃው ጋር በመኪና ሲሄድ፣ ጠበቃው ሲናገር እግሩን ያላላል፤ ሲያዳምጥ ደግሞ ይጫናል። መኪናው ወዲያና ወዲህ እየተንገዳገደ ሲሄድ የሚያይ ሰው ምናልባት ልብ አይለው ይሆናል፤ የማያይ ሰው ግን በጀርባው፣ በአንገቱ፣ በሆዱ ይሰማዋል። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት ጎማና ነዳጅ ለመቈጠብ ሲባል በአሜሪካ መንገዶች ሁሉ ላይ ከ35 ማይል፣ ማለት ከ56 ኪሎ ሜትር በላይ በሰዓት መንዳት ተከለከለ። ሁለቱ ነገሮች ተደራርበው ቲተርን ለሥራ አነሣሡትና በ1950 ዓ.ም. የፈጠራውን የፓተንት መብት አገኘ። በ1958 ዓ.ም. ክራይስለር የተባለው ኩባንያ ኢምፔሪያል በተባለው መኪናው ላይ «አውቶ ፓይለት» ብሎ ለገዢ አቀረበው። ካዲላክ ደግሞ ዛሬ የሚታወቅበትን ስም «ክሩዝ ኮንትሮል» ብሎ አወጣለት። ከ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ችግር በኋላ፣ የፍጥነት ወሰኑም በ1974 ዓ.ም. ወደ 55 ማይል ሲወርድ፣ ፈላጊው በዛ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንግባ። ፍጥነትን መያዝ የዚህ መሣሪያ ግማሽ ሥራው ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚከብደው መልቀቅ ነው። ነጂው ፍሬን ሲይዝ መሣሪያው ወዲያውኑ እጁን ካላነሣ፣ አንዱ እየጎተተ ሌላው እየገፋ መኪናው የሁለት ጌቶች ሎሌ ይሆናል። ስለዚህ በፍሬኑ ፔዳል ላይ ማብሪያ ተደርጎ፣ እግር ሲያርፍበት የፍሬኑ መብራት እንዲበራና የፍጥነት መጠበቂያው እንዲለቅ ሆነ። በሙያው የተፈተነ ኤሌክትሪሺያን ክሩዝ ኮንትሮሉ እንቢ ያለ መኪና ሲመጣለት ውድ የሆነውን ክፍል ፈጥኖ አይፈታም፤ መጀመሪያ ከመኪናው በስተኋላ ቆሞ «እስቲ ፍሬን ያዝ!» ይላል። በብዙ መኪናዎች የፍሬኑ አምፖሎች ከተቃጠሉ ወይም የፔዳሉ ማብሪያ ከተበላሸ መጠበቂያው አልያዝ ይላልና። ከዚያ ቫልቮላውን፣ ከዚያ በመሪው ላይ ያለውን ቍልፍ፣ ከዚያ የፍጥነቱን መለኪያ ሽቦ ይመረምራል። ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ የዚህ ሙያ ሥርዓት ነው።

ነገር ግን የፔዳሉ ማብሪያ ተጣብቆ ቢቀርስ? መሐንዲሶች ይህንን ፈርተው ሁለተኛ ዘበኛ አቆሙ። ይህ ዘበኛ በፎርድ ኩባንያ መኪናዎች ላይ ከፍሬኑ ዋና ሲሊንደር አጠገብ የተተከለ፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ የግፊት ማብሪያ ነው። ነጂው ፍሬኑን በኃይል ሲረግጥ የዘይቱ ግፊት የማብሪያውን መገናኛ ይለያየዋል፤ ወደ ፍጥነት መጠበቂያው የሚሄደው ኮረንቲም ይቋረጣል። በማብሪያው ሆድ ውስጥ በአንድ ወገን የፍሬን ዘይት፣ በሌላው ወገን ኤሌክትሪክ አለ፤ ሁለቱን የሚለያቸው ካፕቶን ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ እንደ ወረቀት የሳሳ ሽፋን ነው። አሠሪው ፎርድ፣ ሠሪው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ነበሩ።

በ1990ዎቹ ዓመቶች ለማመን የሚያስቸግር ወሬ መሰማት ጀመረ። ሊንከን ታውን ካር የተባሉት ትልልቅ መኪናዎች ሞተራቸው ጠፍቶ፣ ቍልፋቸው ወጥቶ፣ በጋራዥና በደጅ ቆመው ሳሉ በእሳት ይያዙ ጀመር። ባለቤቱ መኪናውን ዘግቶ ገብቶ ተኝቷል፤ በሌሊት በጢስ ይነቃል። በአሜሪካ አገር ጋራዡ ብዙ ጊዜ ከመኖሪያው ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ስለሚጋራ፣ እሳቱ በመኪናው የሚያበቃ አልነበረም። እየሄደ ያለ መኪና ቢቃጠል ነዳጅ ፈሰሰ፣ ሞተር ጋለ ይባላል። ቀዝቅዞ የቆመውን ምን ይሉታል?

መርማሪዎች ነገሩን የያዙት በዚሁ ጥያቄ ነው። ቍልፍ ወጥቶ ሳለ ኮረንቲ የማይለየው ሽቦ የትኛው ነው? በኮፈኑ ሥር እንዲህ ያለው ሽቦ ጥቂት ነው፤ ከጥቂቶቹም አንዱ ወደዚያች ትንሽ ማብሪያ የሚሄደው ሆኖ ተገኘ። የፍጥነት መጠበቂያው ሥራ መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ዘበኛዋ ማብሪያ ቀንና ሌሊት ከባትሪው ጋር በቀጥታ ተያይዛ ነበረ። የእሳቱ ምልክትም በሞተሩ ክፍል በግራ በኩል፣ የፍሬኑ ዋና ሲሊንደር ባለበት ስፍራ ይበረታ ነበር።

ከዚህ በኋላ የቀረው ኮረንቲው እንዴት እሳት እንደ ሆነ ማወቅ ነበረ። ሽፋኑ ፍሬን በተያዘና በተለቀቀ ቍጥር ይታጠፋል፤ ይዘረጋል፤ በመጨረሻም ይሰነጠቃል። የፍሬን ዘይት ቀስ እያለ ወደ መገናኛው ይገባል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውኃ የሚስብ ጠባይ ስላለው፣ እየቆየ ሲሄድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የማብሪያዋ ቅርፊት ብረት ሆኖ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ኮረንቲው ከመገናኛው በእርጥበቱ በኩል ወደ ቅርፊቱ መንገድ ያገኛል። ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ ራሱ ተጨማሪ መንገድ ይሆናል፣ ሙቀት ይወለዳል፣ ፕላስቲኩ ይነድዳል። መሐንዲሶችም በላቦራቶሪ ውስጥ በማብሪያዋ ሆድ የጨው ውኃ ጨምረው ኮረንቲ ቢለቁባት እንደምትነድ አረጋገጡ።

«ቫልቮላው ለምን አልተቃጠለም?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ብዙ ሰዎች የሚስቱት ይህንን ነው። ቫልቮላ የሚመጠነው ሽቦው እንዲሸከመው በተሰጠው ጭነት ልክ እንጂ፣ በመንገዱ ላይ በምትገኘው በያንዳንዷ ትንሽ ዕቃ ልክ አይደለም። ማብሪያዋ በደኅና ጊዜ የምታስተላልፈው ኮረንቲ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ ሽቦው ግን ለሌሎችም ክፍሎች ጭምር በሚያገለግል ትልቅ ቫልቮላ ሥር ነበረ። ትንሿን ዕቃ አግሎ ለማቃጠል የሚበቃው ኮረንቲ ትልቁን ቫልቮላ አልነካውም።

በግንቦት 1999 ዓ.ም. ፎርድ በ1992 እና በ1993 ከተሠሩት ታውን ካር፣ ክራውን ቪክቶሪያና ግራንድ ማርኲስ መኪናዎች 279,000 ያህሉን ለእድሳት ጠራ። ችግሩ በእነዚህ የተወሰነ ይመስል ነበር። ነገር ግን በያዝነው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመቶች ኤፍ 150 የተባሉት የጭነት መኪናዎችና ኤክስፔዲሽኖች በተራቸው ይቃጠሉ ጀመር፤ ለአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የደረሱት አቤቱታዎችም በመቶ ተቈጠሩ። በጥር 2005 ዓ.ም. 792,000 የሚሆኑ፣ በመስከረም ወር ደግሞ 3.8 ሚሊዮን ተጠሩ። በእኔ አስተያየት ከማብሪያዋ ስንጥቅ ይልቅ የሚያሳዝነው በ1999 እና በ2005 መካከል ያለፉት ዓመቶች ናቸው። በእነዚያ መኪናዎችም ማብሪያዋ ያችው ነበረች፤ ሽቦዋም ሌሊት ኮረንቲ አይለየውም ነበር፤ የተለወጠው የመኪናው ስምና ቅርፅ ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. ምርመራውን ሲያጠቃልል ነገሩ በማብሪያዋ ብቻ እንዳልመጣ ገለጸ። ፔዳሉ በድንገት ሲለቀቅ በፍሬኑ ቧንቧ ውስጥ የሚፈጠረው ቫኪዩም ሽፋኑን ወደ ኋላ እየሳበ ያደክመው ነበር፤ ማብሪያዋ የተተከለችበት አቅጣጫና በወረዳው ውስጥ ያለው የኮረንቲ ብዛትም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። አንዷ ማብሪያ በአንዱ ዓይነት መኪና ላይ ለዘመናት ስትኖር በሌላው ላይ ቶሎ የመሰነጠቋ ምስጢር ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ በነሐሴ 2006፣ በነሐሴ 2007 እና በየካቲት 2008 ጥሪው ቀጠለ፤ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ሌላ 4.5 ሚሊዮን ሲጨመር ድምሩ ከ14 ሚሊዮን መኪና አለፈ።

ለዚህ ሁሉ የተሰጠው መድኃኒት እጅግ ቀላል ነበረ። ምትክ ዕቃው እስኪደርስ ድረስ የጋራዥ ሠራተኛው የማብሪያዋን ሽቦ ይነቅለዋል፤ ባለመኪናውም ያለ ክሩዝ ኮንትሮል ይነዳል። ዕቃው ሲመጣ በማብሪያዋና በዋናው ሽቦ መካከል አጭር ሽቦ ይቀጠላል፤ በዚያም ሽቦ ላይ ለማብሪያዋ ብቻ የተመጠነች፣ ገና ጥቂት ኮረንቲ ሲያመልጥ ቀድማ የምትቃጠል ትንሽ ቫልቮላ አለች።