ታላቁ ፍጡር ስለ ምን ከጥቃቅን ሕዋሳት ተሠራ?



ከሆሳዕና ተነሥቶ ወደ ዶዮገና የሚጓዝ መንገደኛ፣ በከምባታ ደጋ በየቤቱ ጓሮ እንሰት ቆሞ ይመለከታል። ተክሉ ከ5 ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። ነገር ግን ከዚህ ግዙፍ አካል ስስ ቅራፊ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ቢታይ፣ የሚገኘው ስፍር ቁጥር የሌለው የጥቃቅን ክፍሎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ሕዋስ ወይም ሴል ይባላል፤ የእፅዋት ሴል ወርድ አብዛኛውን ጊዜ ከሚሊሜትር መቶኛ እስከ ሚሊሜትር ዐሥረኛ ነው። ታላቁ እንሰት ከትንሹ ችግኝ የሚለየው ከሁሉ ይልቅ በሴሎቹ ብዛት እንጂ በሴሎቹ ግዝፈት አይደለም። ይህ ስለ ምን ሆነ?

ሊቃውንት ወደ መልሱ የደረሱት በአንድ ቀን አልነበረም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ አካል ሲያድግ ይዘቱ ከላይ ገጹ ይበልጥ እንደሚጨምር አስረዳ። በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ የቡሽ ቅራፊ ሲመረምር፣ እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ክፍሎች አይቶ ሴል ብሎ ሰየማቸው። ከጀርመን ሊቃውንትም ሽላይደን በ1838 ስለ ዕፅዋት፣ ሽቫን በ1839 ስለ እንስሳት፣ አካላቸው ከሴሎች የተሠራ መሆኑን ገለጡ። ፊርኮም በ1855 ሴል ሁሉ ከሌላ ሴል እንደሚወለድ አስታወቀ።

እንግዲህ ምክንያቱን እንመልከት። ሴል ምግቡን የሚያስገባውም ሆነ ቆሻሻውን የሚያስወጣው በላይ ገጹ ነው፤ ምግቡን የሚፈጀው ግን ይዘቱ ነው። አሚቾ የምትቀቅል ባለሙያ ሴት ቆራርጣ የምትጥደው እሳቱ ቶሎ እንዲዘልቀው ነው። ጎኖቹ ሁሉ 10 ሴንቲሜትር የሆኑ አሚቾ የላይ ገጹ 600 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ጎናቸው 1 ሴንቲሜትር ወደ ሆነ 1,000 ቁራጮች ቢከፈል ግን፣ ይዘቱ ሳይጨምር ጠቅላላ ገጹ 6,000 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ደግሞም በሴል ውስጥ ምግብ በራሱ ተሠራጭቶ የሚሄድበት ርቀት 10 እጥፍ ቢረዝም፣ የሚፈጅበት ጊዜ 100 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሴል እጅግ ቢገዝፍ መካከሉ በረኀብ ይሞታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ለአንድ ሴል የሚከብደው ሥራ ለብዙዎች ቀላል ነው። የዶሮ እንቁላል አስኳል አንድ ሴል ሆኖ ሳለ ትልቅ ነው የሚል ቢኖር፣ እርሱ አብዛኛው የተከማቸ ስንቅ መሆኑን ያስታውስ።

ሥራ በብዙ ሴሎች መከፈሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጥቂቶቹ ቢጠፉ ሌሎቹ ይተካሉ። የእንሰት ገበሬ ይህን በሥራ ያውቀዋል። የእናቲቱን ሥር ነቅሎ የዕድገቷን እምብርት ቆርጦ ያወጣና በአፈር ይቀብራታል፤ ከዚያም በዐሥሮች የሚቆጠሩ ችግኞች ይፈልቃሉ። በአሜሪካም ስቲዋርድ የተባለ ሊቅ፣ ከካሮት ሥር የተወሰዱ ሴሎች ሙሉ ተክል ሊሆኑ እንደሚችሉ በ1958 አሳየ።

ይሁን እንጂ ትንሽነት ለጠላትም ይጠቅማል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 በጽሑፍ እንዳስታወቁት፣ የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ አንድ ሴል ብቻ ነው፤ ትንሽ በመሆኑም ቶሎ ይመገባል፣ ቶሎም ይባዛል። ለሴሎቹ ውኃ የሚያደርሱትን ቧንቧዎች ተከትሎ በተክሉ ውስጥ ይሰራጫል፤ ቧንቧዎቹም ሲደፈኑ ያ ሁሉ ግዙፍ አካል ጠውልጎ ይወድቃል። በአገራችን 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእንሰት የሚኖር ስለሆነ፣ ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም።

በሽታው ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ያልጸዳ ቢላዋ ነው። ስለዚህ በጓሮው እንሰት ያለው ወይም በአገር ቤት ዘመድ ያለው ሁሉ፣ የታመመው ተክል ተነቅሎ እንዲወገድ፣ ቢላዋውም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት በእሳት እንዲጋል ይምከር። በዐይን የማይታየውን ጠላት ድል የሚነሣው በዐይን የሚታይ ጥንቃቄ ነውና።