ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፦ ውጤቱ ያልተጻፈ ፉክክር

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ግቢ ከመግባትህ በፊት ስለነበረው ዘመን አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ፣ ቀድሞ ትዝ ያለኝ የማትሪክ ውጤት የተለጠፈበት ቀን አልነበረም። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ተማሪዎች ኳስ ነው። እንደኔ ያለ የዚያ ዘመን ሰው፣ አንድ እንግዳ «አገሬ ቡሬ ነው» ሲለው እስካሁን ድረስ መጀመሪያ ጫማውን ነው የሚያየው፤ ታኬታ አድርጎ እንደሆነ።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ሠላሳ ዓመት ያህል ታሪክ ካስተማርሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ገብቶኛል፤ የሁለቱን ከተማ ልጆች ያስተዋወቀው ገበያውና ዝምድናው ብቻ አይደለም፣ ያ ፉክክርም ነው። እሱ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ አልሰፈረም። ስለዚህ የማስታውሰውን እጽፋለሁ። በመካከሉ የራሴን አንድ ጥፋት መናገሬ አይቀርም።

መንገዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ይገባል። ከዚያ ማንኩሳ፣ ከማንኩሳ ቡሬ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስንቅ የለመደ እግር በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ቡሬ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ። ስለዚህ ቡሬ የገበያ አገር ናት፤ በርበሬዋና እህሏ በሩቅ ይታወቃል። ፍኖተ ሰላም ደግሞ የቢሮ አገር ናት፤ በኋላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። ነጋዴና ጸሐፊ ጎን ለጎን ሲኖሩ መተራረባቸው የታወቀ ነው። እነሱ «ማኅተም እንጂ ምን አላችሁ?» ይሉናል፤ እኛ «እናንተ ሚዛን እንጂ ምን ታውቃላችሁ?» እንላቸዋለን።

መተራረቡ ከታሪክም ይቀዳል። በ1933 ዓ.ም. ቡሬ የጣሊያን ጦር ዋና ምሽግ ነበረች። በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦርና የጎጃም አርበኞች ማንኩሳንና ቡሬን አስጨንቀው፣ የኮሎኔል ናታሌ ጦር በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ አቅጣጫ ወጣ። ከስደት የተመለሱት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቡሬ ሰነበቱ፤ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። የእኛ ከተማ ቀድሞ ወጀት ትባል እንደነበርና «ፍኖተ ሰላም» የሚለውን ስም ያወጡላት እሳቸው እንደሆኑ ሽማግሌዎቻችን ይነግሩን ነበር። ይህ ሁሉ ኳስ ሜዳ ላይ ይመጣል። የቡሬ ደጋፊ «ጃንሆይ ያረፉት እኛ ዘንድ ነው!» ሲል፣ የእኛው «ስም ያወጡት ግን ለእኛ ነው!» ብሎ ይመልሳል። ደርጉ ሥልጣን ላይ ተቀምጦ፣ እኛ በጃንሆይ ማረፊያ እንከራከራለን። መምህራኖቻችን እንዳልሰሙ ሆነው ወዲያ ያያሉ።

የእኔ ቤተሰብ ከማንኩሳ ወጣ ካለ ገጠር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከዚያችው ማንኩሳ ነውና ስሟን የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። ለእኛ ግን ማንኩሳ የመከፋፈያ ቦታ ነበረች። ስምንተኛን ያለፈ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር ወይ ወደ ፍኖተ ሰላም ይወርዳል፣ ወይ ወደ ቡሬ ይወጣል። የሚወስነው የቤት ኪራይ የሚጋራው ልጅ ወይም የሚያስጠጋው ዘመድ ያለበት ቦታ ነው። እኔ ፍኖተ ሰላም ገባሁ፤ አብሮኝ ከብት የጠበቀው የአክስቴ ልጅ ቡሬ ገባ። የእኛው ትምህርት ቤት ዳሞት ይባላል፣ የእነሱ ሽኩዳድ። ሜዳ ላይ ግን ማንም በትምህርት ቤት ስም አይጠራም፤ «ፍኖተ ሰላም» እና «ቡሬ» ነው። ቅዳሜ ሁለታችንም ስንቅ ልንቀበል ቤት ስንመጣ አክስቴ «ደግሞ ዛሬ በዚያ ኳሳችሁ ተጣሉና እንጀራውን አላበላችሁም» ትለን ነበር።

ስለ ኳሱ እንጫወት። የጎሉ ቋሚ ባሕር ዛፍ ነው፤ መረብ የለውም። መስመሩ በአመድ ይሰመራል፣ ነፋስ ሲመጣ ይጠፋል። ታኬታ ያለው ከአሥራ አንዱ ሁለት ወይ ሦስት ነው፤ ሌላው በሸራ ጫማ፣ አንዳንዱም በባዶ እግሩ ይጫወታል። በባዶ እግሩ የሚጫወት ተከላካይ ነበረን፤ አጥቂዎች ታኬታ ካደረገው ይልቅ እሱን ይፈሩት ነበር። በደጋፊው መሀል ፉከራና ቀረርቶ የሚያወርድ አይጠፋም፤ ከገጠር የመጣን ተማሪዎች ለዚህ አንታማም።

በ1980 ዓ.ም. እብደቱ ጨመረ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ አነሳች። እኛ ጨዋታውን የሰማነው ቡና ቤት በር ላይ ተጋፍተን ከሬዲዮ ነው። የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ከዚያ በኋላ በረኛ ሁሉ የመለያ ምት ማዳን ይለማመድ ጀመር። ያዳነ ልጅ ደግሞ ለሳምንት ያህል በከተማው ሻይ በነጻ ይጠጣል።

በዚያው ዓመት ቡሬ ሄደን ተጫወትን። የጫነችን አንዲት ያረጀች ኤንትሬ ነበረች፤ እህል አራግፋ እኛን ጫነች። ተሸነፍን። ልንመለስ ስንል የመኪናዋ ሁለት ጎማ ተኝቷል። ማን እንዳስተነፈሰው አልታወቀም። መንፊያ ሲፈለግ መሸ። ያን ጊዜ የቡሬ ሰው ያደረገውን አልረሳም፤ ከሰዓት በኋላ ሲሰድበን የዋለው ሕዝብ «የሰው ልጅ ሜዳ ላይ አያድርም» ብሎ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እያደረገ ተከፋፈለን። እኔ የአክስቴ ልጅ የተከራየባት ክፍል ውስጥ ከአምስት ልጅ ጋር አደርሁ። ሌሎቹ በማያውቁት ሰው ቤት እግራቸውን ታጥበው፣ በልተው፣ ጠዋት ቆሎ ተቋጥሮላቸው ወጡ። ከእኛ ቡድን ልጆች ቢያንስ ሁለቱ ከዚያ ሌሊት የጀመረ የቤተሰብ ወዳጅነት እስከ ዛሬ አላቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመጣ። በ1981 ዓ.ም. ጨዋታው እኛ ሜዳ ላይ ሆነ። እኔ ተጠባባቂ ነበርሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከተጠባባቂነት አልፌም አላውቅም። 1 ለ 1 ሆኖ ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት አገኘን። የቡሬው በረኛ፣ ረጅም ቀጭን ልጅ፣ ወደ ቀኙ ወድቆ ያዛት። እኛ «መስመሩን አልፋለች!» አልን። ዳኛው «አላለፈችም» አለ። መስመሩ አመድ ነው፤ በረኛው ተንከባሎበት ጠፍቷል፤ ማን ይመስክር? ጩኸት ሆነ። በዚያ መሀል ከደጋፊው ዘንድ ድንጋይ ተወርውሮ በረኛውን ቅንድቡ ላይ ፈነከተው። የሁለቱም ወገን መምህራን ሮጡ፤ አንዱ ነጠላውን ቀዶ አሰረለት፣ ተጋግዘው ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ጨዋታው ተቋረጠ። «ማን ነው የወረወረው?» ሲባል ማንም አልተናገረም።

የወረወርሁት እኔ ነበርሁ።

በ1982 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ገባሁ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ፍሬሽማን የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ በካፌው ሰልፍ ላይ የአገሩን አነጋገር በጆሮው ይፈልጋል። ከኋላዬ የጎጃም ለዛ ሰምቼ ዞር ስል ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት ረጅም ልጅ ቆሟል። እግሬ ከዳኝ። እሱ ግን እንደ ወንድሙ አቅፎ ሳመኝ። «አንተ የፍኖተ ሰላም አይደለህም እንዴ? ተጠባባቂ ወንበር ላይ የምትቀመጠው!» አለኝ። ከአዲስ አበባ ሕዝብ ሁሉ መሀል እኔን በመልክ የሚያውቅ የመጀመሪያው ሰው እሱ ሆነ። ተፎካካሪ ለካ የተጠባባቂውን ፊት ሳይቀር ያጠናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት የምንቀመጠው ጎን ለጎን፣ ሳሙና የምንገዛው በጋራ ሆነ። ድንጋዩን ግን አልነገርሁትም።

1983 ዓ.ም. መጣ። በየካቲት ጎጃም በኢሕአዴግ እጅ ገባ፤ ከአዲስ አበባ ወደ አገራችን የሚወስደው መንገድ ተቆረጠ፤ ደብዳቤ ቀረ። ብዙ ሳይቆይ ትምህርቱ ተቋርጦ እኛ ተማሪዎች ወደ ብላቴ ማሰልጠኛ ወረድን። የዚያን ወራት ነገር ብዙዎቻችሁ አብራችሁኝ ስላያችሁት አላስረዝምም። ማታ ማታ የጎጃም ልጆች ተሰብስበን «ቤተሰቦቻችን ምን ሆነው ይሆን?» እንባባላለን። አንድ ሌሊት ጥበቃ ላይ ሁለታችን ብቻ ሆንን፤ ይህ ነገር በሆዴ እንዳለ ብሞት ብዬ ፈራሁ። ነገርሁት።

ዝም አለ። ጠባሳውን በጣቱ ዳሰሰ። ቆይቶ «ያን ዓመት የኤንትሬዋን ጎማ ያስተነፈስሁት እኔ ነኝ» አለኝ። ደግሞ ቆይቶ «በል፣ ተካክሰናል» አለ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ «ኳሷ ግን አላለፈችም» ብሎ ጨመረ።

ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር ወጡ፤ ግንቦት 20 አዲስ አበባ ተያዘች። ከብላቴ ብዙዎቻችን በእግር ወደ ሞያሌ፣ ከዚያም ወደ ኬንያ አቀናን። በዚያ መንገድ ላይ ውኃ ያካፈለኝ፣ ስወድቅ ያነሳኝ ያ በረኛ ነው። በሜዳ ተጣልተን ባንተዋወቅ ኖሮ ከእነዚያ ሁሉ ሺህ ተማሪዎች መሀል እኔን ለይቶ የሚያነሳበት ምክንያት አልነበረም።

ተመርቆ ወደ ቡሬ ተመለሰ፤ እሱም እንደ እኔ አስተማሪ ሆነ። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይደውላል። «ጤና ይስጥልኝ» አይልም፤ «አላለፈችም» ነው ሰላምታው። እኔም «አልፋለች» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ልጆች የምንጠያየቀው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን በክልሉ ግጭት ተነሳ። ስልክ አልገባ ያለባቸው ቀናት ነበሩ። በዚያ እንቁጣጣሽ ስልኬን ይዤ ዋልሁ፤ «አላለፈችም» የሚለኝ ጠፋ። አንድ የማይረባ የሠላሳ ዓመት ክርክር እንዲያ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። ኋላ መስመሩ ሲገናኝ ኳስ አላነሳም፤ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሌለ ነው የነገረኝ። በመጨረሻ «ልጆቹ አይማሩም እኮ» አለኝ። በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እኛ ቁጥሩን እንሰማለን፤ እሱ ግን ሜዳውን ነው የሚያየው። ባዶ ነው አለኝ፣ ሣሩ አድጓል።

ይህን የምጽፈው ለትዝታ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቀረው የሂሳብና የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም። የማንኩሳ ልጅ ወደ ላይም ወደ ታችም ሄዶ ከማያውቀው ልጅ ጋር የሚገፋፋበት፣ የሚሰዳደብበት፣ መሽቶበት የሚያድርበት ነገር አብሮ ይቀራል። እኛን ለችግር ቀን ያዘጋጀን ያ ነው። የዛሬዎቹ ልጆች ነገ ክፉ ቀን ቢገጥማቸው ከወዲያኛው ከተማ ማንን በመልክ ያውቃሉ?

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ የማኅበራችን አባላት፣ በተለይ ከሁለቱ ከተሞች የወጣችሁ፣ ትምህርት ቤቶቹ በደኅና ሲከፈቱ ከደብተሩ ጋር ኳስና ማልያ እንድንልክ እጃችሁን ዘርጉ። ሁለተኛ፣ የታሪክ ትምህርት ክፍል መምህራን፣ የመመረቂያ ርእስ የጠፋበት ተማሪ ካላችሁ ወደ ምዕራብ ጎጃም ላኩት። የተጫወቱት፣ ያሠለጠኑት፣ ተጫዋች ያሳደሩት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ነገር ግን አንዳቸውም ወጣት አይደሉም። ደብተርና መቅረጫ ይዞ ይሂድ፤ ከሁለቱም ወገን ይጠይቅ።

የ1981ን ጨዋታ በሚመለከት ውጤቱ 2 ለ 1 ነው። አላለፈችም የሚል ካለ በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ይጻፍና ይመልስልኝ።